ነጠላዬ የጎረቤቴን ጭስ ይሸታል፤ መቁረብ እችላለሁን?

ጥያቄ፦ መምህር፣ እንደምን ሰነበቱ? የምኖረው በሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ በሚገኝ አፓርታማ ነው። ከበታቼ ያለው ጎረቤቴ ሌሊቱን ካናቢስ (ጋንጃ) ያጨሳል፤ ሽታውም ወደ ቤቴ ገብቶ ነጠላዬ ላይ ያርፋል። ባለፈው እሑድ በቅዳሴ ላይ አጠገቤ የቆሙ እናት አፍንጫቸውን ሸፍነው ራቅ አሉ፤ ሌሎችም እርስ በርሳቸው ሲተያዩ አይቼ፣ ለመቁረብ ተዘጋጅቼ ሳለሁ አፍሬ ወጣሁ። ሽታው ያረክሰኛልን? ሳልፈልግ የምስበው ጭስስ ጾሜን ያፈርሳልን? ሽታውን ለማጥፋት ዕጣን ባጨስ ነውር ነውን? ታናሽ ወንድሜም «ሕግ የፈቀደው፣ እግዚአብሔር የፈጠረው ቅጠል ነው» እያለ ማጨስ ጀምሯል፤ ምን ልበለው?

መልስ፦ እኅቴ፣ አስቀድሜ ልብሽን ላሳርፈው፤ የጎረቤትሽ ጭስ አላረከሰሽም፣ ጾምሽንም አላፈረሰም። ጾም የሚፈርሰው ሰው ወድዶ በሚቀበለው ነገር ነው። በመንገድ ስታልፊ የሥጋ ጥብስ ሽታ ቢያውድሽ ጾምሽን ገደፍሽ እንደማንልሽ ሁሉ፣ ወለል ለወለል እየዘለቀ ስለሚመጣብሽ ጭስም እንዲሁ አንልሽም። ንስሐ ገብተሽ፣ ዐሥራ ስምንቱን ሰዓት ጾመሽ ከተዘጋጀሽ፣ ነገሩን ለንስሐ አባትሽ ነግረሽ ቁረቢ። በዚያ እሑድ ሳትቆርቢ መውጣትሽ ያሳዝነኛል።

የልብስ ሽታ ስለ ለባሹ እውነቱን እንደማይመሰክር ከይስሐቅ የበለጠ የተማረ የለም። ዓይኖቹ ፈዝዘው ስለ ነበር የቀረበውን ልጅ በልብሱ ሽታ ሊለይ ሞከረ፤ ልብሱ የዔሳው ነበር፣ የለበሰው ግን ያዕቆብ ነበር (ዘፍጥረት 27)። ሐናም በሴሎ በእግዚአብሔር ቤት ቆማ ከንፈሯ ብቻ ሲንቀሳቀስ ያየው ካህኑ ዔሊ ሰክራለች ብሎ ገሠጻት፤ እርሷ ግን የሚያሰክር ነገር እንዳልጠጣች፣ ነፍሷን በእግዚአብሔር ፊት እንዳፈሰሰች በትሕትና ነገረችው፤ እርሱም መርቆ አሰናበታት (1ኛ ሳሙኤል 1)። አንቺም እንደ ሐና በቦታሽ ጸንተሽ ቁሚ፤ የሚጠይቅሽ ቢኖር ያለውን እውነት በትሕትና ንገሪው።

በእነዚያ እናት ግን አትዘኚባቸው። ባደጉበት አገር ይህን ተክል መያዝ የሚያሳስር ወንጀል ነው፤ ሽታው ሲመጣባቸው የሚታያቸው እስር ቤትና መንገድ የሳተ ልጅ ነው፤ ስለዚህ ሽሽታቸው ከንቀት ይልቅ ከፍርሃት የመጣ ይመስለኛል። ሆኖም ፍርሃት ፍርድ ሲሆን ዝም አንልም። ሽታው የሚመጣው ከሚያደነዝዘው ንጥረ ነገር ሳይሆን በተክሉ ካሉ ሌሎች በቀላሉ የሚተንኑ ውህዶች ነው፤ እዚህ አገር ስካንክ የሚባለው እንስሳ በሌሊት የረጨው ጠረን እንኳ የካናቢስ እየመሰለ ሰውን ያሳስታል። የሜሪላንድ ሕግም እ.ኤ.አ. ከሐምሌ 1 ቀን 2023 ጀምሮ ፖሊስ በካናቢስ ሽታ ብቻ ሰውን እንዳያስቆምና መኪናውን እንዳይፈትሽ ከልክሏል። ፖሊስ በአፍንጫው ብቻ እንዳይፈትሽ በተከለከለበት አገር፣ እኛ ምእመናን በአፍንጫችን እንፈርድ ዘንድ አይገባንም። ደግሞም ከሠርግ አድሮ ውስኪ እየሸተተ ለሚመጣው ሰው ፈገግ ብለን ቦታ እንለቅለታለን፤ ይህ አድልዎ ነው፣ መጽሐፍ «በወይን ጠጅ አትስከሩ» ማለቱንም መርሳት ነው።

ስለ ዕጣኑ፣ ቡና ስናፈላ እንደምናጨሰው ሁሉ ቤትሽን መልካም ሽታ ለመስጠት ብታጨሺ ነውር የለበትም። ለቤተ መቅደስ የተለየው ዕጣን ግን ጸሎት ነው፤ በኦሪትም የተቀደሰውን ዕጣን ለማሽተት ብሎ እንዳይሠራ ሕዝቡ ተከልክሎ ነበር (ዘጸአት 30)። ነጠላሽን በተዘጋ ከረጢት አስቀምጠሽ ደጀ ሰላሙ ስትደርሺ ብትለብሺው ይሻላል። ጎረቤትሽንም በመልካም ቃል አነጋግሪው፤ ካልሰማሽ የኪራይ ውልሽን ተመልከቺ፤ ሕጉ ማጨስን ቢፈቅድም ብዙ አከራዮች በቤት ውስጥ ማጨስን ይከለክላሉና። ሰላም እንዲኖርሽ መጠየቅ ክፋት አይደለም።

ከሁሉ የሚከብደኝ የወንድምሽ ነገር ነው። ሜሪላንድ ሃያ አንድ ዓመት ለሞላው ሰው መፍቀዷ እውነት ነው፤ ነገር ግን ሕጉ የሚነግረው እንደማይታሰር ብቻ ነው፣ እንደሚጠቅመው አልነገረውም። ሐዋርያው «ሁሉ ተፈቅዶልኛል፥ ሁሉ ግን አይጠቅመኝም» ብሎ አላበቃም፤ በእርሱ ላይ ምንም እንዳይሠለጥንበት ጨምሮ ተናገረ (1ኛ ቆሮንቶስ 6)። ወንድምሽን የምጠይቀውም ይህንኑ ነው፤ ሳታጨስ እንቅልፍ ይወስድሃልን? ሳታጨስ ትስቃለህን? ዳዊት ለመድገም ስትቆም አእምሮህ ከአንተ ጋር ነውን? ቅዱስ ጴጥሮስ «በመጠን ኑሩ፥ ንቁም» ያለን ጠላት የሚያገኘን ስንፈዝ ስለ ሆነ ነው። «እግዚአብሔር ፈጥሮታል» ለሚለውም፣ የኖኅን ወይን የፈጠረው እግዚአብሔር ነው፤ ኖኅ ግን ሰክሮ በድንኳኑ ውስጥ ዕርቃኑን ሆነ። ጌታችን ወደ አፍ የሚገባ አያረክስም ማለቱንም ቢጠቅስልሽ፣ ቃሉ የተነገረው ባልታጠበ እጅ ስለ መብላት እንጂ አእምሮን ስለ ማደንዘዝ አለመሆኑን አስረጂው።

ጋንጃን በአምልኳቸው የሚጠቀሙትን የሻሸመኔን ራስተፈሪያውያን ቢያነሣብሽ፣ ከካሪቢያን ወደ አገራችን የመጡትን በፍቅር እንቀበላቸዋለን፤ ሆኖም ቤተ ክርስቲያናችን ጋንጃን የአምልኮ ዕፅ አድርጋ አልተቀበለችም፤ እ.ኤ.አ. በ1970 ወደ ጃማይካ አገልጋይ ስትልክም የላከችው ጥምቀትንና ቅዳሴን ይዞ እንዲሄድ ነው። ሕመምተኛ ሐኪም አዝዞለት የሚወስደው ከዚህ የተለየ ስለ ሆነ ከነፍስ አባቱ ጋር ይምከር።

ስትመክሪው ግን ልብሱን እያሸተትሽ አትመርምሪው፤ እንዲህ ያደረግሽ ቀን መደበቅን ይማራል። የጠፋው ልጅ ከእሪያዎች መካከል ተነሥቶ ሲመጣ አባቱ ገና ሩቅ ሳለ ሮጦ አንገቱን ዐቀፈው፤ ምርጡን ልብስ ያለበሱት ከዚያ በኋላ ነው (ሉቃስ 15)። ማጨሱን ሳይተውና ንስሐ ሳይገባ አይቆርብም፤ ይህን ሳትሸፍኚ ንገሪው። ቆሞ ማስቀደስና ትምህርት መስማት ግን ማንም አይከለክለውም። በሚመጣው እሑድ ማልደሽ ቀስቅሺውና አብራችሁ ኑ። ጃኬቱ ቢሸትም ይምጣ፤ አጠገቡ የሚቆም ሰው ቢጠፋ እኔ እቆማለሁ።