ዘርፉ ይቅርባችሁ፦ በኪሮሽ ስለሚሠራ የእንስሳት መኝታ

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች ብዙዎቹ ለድመትና ለውሻ በኪሮሽ መኝታ ስለመሥራት ናቸው። አራቱን መርጫለሁ።

ጥያቄ፦ ሰላም እህቴ። ዳንቴል ከልጅነቴ ጀምሮ እሠራለሁ። አሁን መጠለያ ውስጥ ላሉ ድመቶች ትንንሽ ብርድ ልብስ ሠርቼ ልሰጥ አስቤያለሁ። ቤት ውስጥ ትርፍራፊ ክር ሞልቷል፤ ሱፉም፣ ጥጡም፣ ሰው ሠራሽ የሆነው አክሪሊኩም። የትኛውን ልጠቀም? እንደ ዳንቴል ክፍት ክፍት ባደርገውስ?

መልስ፦ እጅሽ ይባረክ! ግን መርፌውን ከማንሳትሽ በፊት መጠለያው ጋ ደውዪ። ሁለት ነገር ጠይቂያቸው፦ መጠኑ ስንት በስንት ይሁን፣ የሚያጥቡትስ በምንድን ነው? የእጥበቱ ነገር ሁሉን ይወስናል። ብዙ መጠለያዎች ጨርቁን በሙቅ ውሃ ያጥባሉ፣ በረኪናም ይጨምራሉ፤ ቡችሎችን የሚገድለው ፓርቮ ቫይረስ በተራ ሳሙና አይሞትማ፣ ጨርቅና ወለል ላይ ለወራት ሊቆይ ይችላል። የድመት ጭርትም በጨርቅ ሊተላለፍ ይችላል። ስለዚህ የደከምሽበት ብርድ ልብስ አንዳንዴ አንድ የታመመ እንስሳ ተኝቶበት ይጣላል። ይህን ከአሁኑ እወቂው። ለዚያ እንስሳ ግን የተኛበት ሌሊት ሞቆታል፣ ለእኔ ይሄ ይበቃኛል።

ሱፉን ለይተሽ አስቀምጪው። ሙቅ ውሃ ሲነካውና ሲታሽ ተኮማትሮ ይጠጥራል፣ ከዚያ በኋላ ማንም አይመልሰውም። አክሪሊክ ቀላል ነው፣ ቶሎ ይደርቃል፣ ደጋግሞ መታጠብ ይችላል። ውሃው በጣም ሲሞቅ ልል ሊል ይችላል እንጂ እንደ ሱፍ አይኮማተርም። ጥጥ ሙቀት ይችላል፣ ግን ውሃ ሲጠጣ ይከብዳል፣ ለመድረቅም ጊዜ ይፈልጋል። እኔ ብሆን አክሪሊኩን አስቀድማለሁ። አንድ ነገር ብቻ ተጠንቀቂ፦ ሁለት ዓይነት ክር አንድ ብርድ ልብስ ላይ አትቀላቅዪ፤ አንዱ ሲኮማተር ሌላው ስለማይከተለው ብርድ ልብሱ ይጣመማል።

ክፍት ክፍቱን ተይው። ድመት ከመተኛቷ በፊት ሊጥ እንደሚያቦካ ሰው በፊት እግሮቿ ጨርቁን ጫን ጫን ስታደርግ አይተሽ ታውቂያለሽ? ያኔ ጥፍሯ ይወጣል፣ ቀዳዳ ውስጥ ይገባል፣ ስትጎትተው ደግሞ ይያዛል። ስለዚህ ጠበቅ ያለ አሠራር ይሻላል። ክሩን መርፌው ላይ አንዴ ጠምጥሚ፣ አስገብተሽ ክር ሳቢ፣ መርፌው ላይ ሦስት ቀለበት ሲሆንልሽ እንደገና ክር ይዘሽ በሦስቱም ውስጥ ባንዴ አሳልፊ። መሃከለኛ ውፍረት ላለው ክር 5 ሚሊ ሜትር መርፌ ጥሩ ነው። ለድመት 35 በ35 ሳንቲ ሜትር ይበቃል፣ መነሻው ከ45 እስከ 50 ሰንሰለት (መጀመሪያ የሚሠሩት ተከታታይ ቀለበቶች) ይወስዳል። ትንሿ ጣትሽ ቀዳዳው ውስጥ ከገባች ልል ነው፣ ቀጠን ባለ መርፌ ድገሚው።

ጥያቄ፦ ጫፉ ላይ ዘርፍና የክር ኳስ ባደርግበት ያምራል። እንስሳው እንዲጫወትበትም ነው። ችግር አለው?

መልስ፦ አዎ፣ አለው። እዚህ ላይ አልደራደርም።

አንድ ቀን ድመቴ ሶፋ ሥር ተቀምጣ ስታጉረመርም አየኋት። አፏን ስከፍት ምላሷ ሥር ቀይ ክር ተጠምጥሞ ወደ ጉሮሮዋ ወርዷል። ክሩ እኔ ከሠራሁት ብርድ ልብስ ዘርፍ የወጣ ነበር። እጄ ሊጎትተው ሲል የእንስሳት ሐኪሙ በስልክ «እንዳትነኪው!» አለኝ። ምክንያቱን በኋላ አስረዳኝ። አንዱ ጫፍ ምላስ ሥር ተይዞ ሌላው አንጀት ውስጥ ሲገባ፣ አንጀቱ ክሩ ላይ እንደ ተሸበሸበ ቀሚስ ይሰበሰባል፤ ሲጎተት ደግሞ ክሩ አንጀቱን እንደ ቢላ ሊቆርጠው ይችላል። የድመት ምላስ ላይ ያሉት ሻካራ እሾሆች ወደ ውስጥ ስለሚያዘነብሉ፣ አንዴ የገባን ክር መትፋት ይከብዳታል። የእኔዋ ቶሎ ስለደረስንላት ተረፈች። ከአፍም ሆነ ከኋላ ክር ተንጠልጥሎ ካያችሁ አትጎትቱ፣ ቀጥታ ወደ ሐኪም ውሰዱ።

ስለዚህ ዘርፍ፣ ኳስ፣ ቁልፍ፣ ሪባን፣ ዶቃ፣ ሁሉም ይቅር። የመጨረሻው ክር ሲቆረጥ ቢያንስ 15 ሳንቲ ሜትር ይተውና በስፌት መርፌ ወዲያ፣ ወዲህ፣ እንደገና ወዲያ ይሰፋ። ቋጠሮ ብቻውን ይፈታል። ክር መብላት የሚወድ ወይም ሁሉን የሚያኝክ ቡችላ ያለበት ቤትም የኪሮሽ ነገር ባይገባ እመርጣለሁ።

ጥያቄ፦ ውሻዬ አርጅቶ ሲነሳ ይቸገራል፣ ክርኑም ተላልጧል። እኔም ጡረተኛ ነኝ፣ ጊዜ አለኝ፣ ወፍራም ነገር ልሠራለት እችላለሁ። ይጠቅመዋል?

መልስ፦ እናቴ፣ የላይኛውን ልብስ ይሥሩለት፣ የሚሸከመው ግን ኪሮሽ መሆን የለበትም። የክር ብርድ ልብስ የፈለገውን ቢወፍር ትልቅ ውሻ ሲተኛበት ይጨመቃል፣ አጥንቱ ወለሉን ያገኘዋል። ጠንካራ ስፖንጅ ይግዙ፣ ውሃ በማያስገባ ጨርቅ ይሸፍኑት፣ ከዚያ የእርስዎን ሥራ እንደ ትራስ ልብስ የሚወልቅ አድርገው ያልብሱት። ወለሉ የሚያዳልጥ ከሆነ ከሥሩ የሚይዝ ነገር ያንጥፉ፤ ለመነሳት የሚቸገረው እግሩ ስለሚንሸራተት ሊሆን ይችላል። ክርኑ ከደማ ወይም ካበጠ ግን ሐኪም ይየው።

ጥያቄ፦ ሦስት ሳምንት ፈጅቼ ለድመቴ መኝታ ሠራሁ። አንድ ጊዜም አልተኛችበትም! ካርቶን ውስጥ ነው የምትተኛው። ምን ላድርግ?

መልስ፦ መኝታውን ካርቶኑ ውስጥ አስገቢላት። ከልቤ ነው የምልሽ። ድመት የምትፈልገው መጀመሪያ መደበቂያ ነው፣ ምቾት ከዚያ በኋላ ይመጣል። በእ.ኤ.አ. 2014 የታተመ አንድ የኔዘርላንድ ጥናት አዲስ መጠለያ የገቡ ድመቶችን ተከታትሎ፣ መደበቂያ ሳጥን የተሰጣቸው ካልተሰጣቸው ቀድመው እንደሚረጋጉ አይቷል። የአንቺዋም ከአንድ ወገን ክፍት የሆነ፣ ዙሪያው የተከለለ ነገር ነው የምትመርጠው። ሌላው ሽታ ነው፦ አዲስ ክር የሱቅ ይሸታል። አንቺ የለበስሽውን ያልታጠበ ቲሸርት ለሁለት ሦስት ሌሊት ላዩ ላይ ጣል አድርጊበት። አንስተሽ አታስቀምጫት፣ እራሷ ትምጣ። የምታጥቢውም በጣም ሲቆሽሽ ብቻ ይሁን፣ ባጠብሽው ቁጥር የእሷ ሽታ ይጠፋና እንደ አዲስ ትጀምሪያለሽ።

ሁለት ሳምንት ስጫት። ካልሆነ ለመጠለያው ስጪው፣ እዚያ ሲሚንቶ ላይ የምትተኛ ድመት አትጠፋም።