«አዋጁ ይፍጠን ወይስ ይመርመር?» ብለው ቢጠይቁሽ

እህቴ፣ መልእክትሽ ደርሶኛል። ከድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ በኢኮኖሚክስ ተመርቀሽ፣ ለበጀት ባለሙያነት የጽሑፍ ፈተናውን አልፈሽ፣ የቃል ፈተናው ቀርቶሻል። ያስጨነቀሽ ጥያቄ ይሄ ነው፦ አስቸኳይ የኢኮኖሚ አዋጅ ሲመጣ ቶሎ ይጽደቅ ትያለሽ ወይስ የምክር ቤት አባላት ይከራከሩበት? ያዘጋጀሽው መልስ ደግሞ «ሁለቱም ያስፈልጋሉ» የሚል ነው። አቦ፣ እሱን ተይው። ሁሉም ተፈታኝ የሚለው እሱን ነው።

እኔ ብሆን ከድሬዳዋችን ወንዝ ከደቻቱ እጀምራለሁ። በ1998 ክረምት ጎርፉ በሌሊት ሰው ሲወስድ ለብርድ ልብስና ለድንኳን የሚወጣ ብር ክርክር አይጠብቅም። ወንዙ ዳር የሚሠራው ግንብ ግን ሌላ ነገር ነው፤ በየዓመቱ ማን ይጠግነዋል፣ ብሩ ከየት ይመጣል፣ ከየትኛው ጤና ጣቢያ ላይ ይቀነሳል ብሎ አንድ ወር መከራከር ያዋጣል። ስለዚህ ረቂቁን ለሁለት ክፈይው። ዛሬ ካልሆነ ሰው የሚጎዳበት ክፍል ይፍጠን፣ ግን የሚያበቃበት ቀን ይጻፍበት። ካዝናውን ለዓመታት የሚያስረው ክፍል ወደ ምክር ቤቱ ቋሚ ኮሚቴ ይመራ።

ከዚያ በቁጥር አስደግፊው። የ2017 የፌዴራል በጀት 971.2 ቢሊዮን ብር ነበር። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ቀን 2016 ጀመረ፣ ሐምሌ 22 የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ተደረገ፣ ኅዳር 2017 ላይ ወደ 582 ቢሊዮን ብር ተጨማሪ በጀት ጸደቀ። የዋናውን 60 በመቶ ገደማ ማለት ነው። የደሞዝ ጭማሪው፣ የነዳጅና የማዳበሪያ ድጎማው አስቸኳይ ነበር፣ አልክድም። ግን ይህን ያህል ብር ሲጠየቅ «ስንቱ ከግብር፣ ስንቱ በብድር?» የሚለውን አስቀድሞ ሠርቶ የሚያቀርብ ሰው ያስፈልጋል። አንቺን የሚቀጥሩሽም ለዚህ ነው።

ድሮ በሠራሁበት አንድ መሥሪያ ቤት የአገልግሎት ክፍያ መመሪያ በሁለት ቀን ጸደቀ። ክፍያውን ማን እንደሚሰበስብ አልተጻፈበትም። አንዲት እናት ብራቸውን በመሐረብ ቋጥረው ከመስኮት ወደ መስኮት ሲመላለሱ፣ በመጨረሻም ሳይከፍሉ ወደ ቤታቸው ሲመለሱ አይቻለሁ። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

አሁን የቤት ሥራ። በሐምሌ 2017 የጸደቀውን የገቢ ግብር ማሻሻያ አዋጅ ፈልገሽ አንብቢ፤ ከግብር ነፃ የሆነው ወርሃዊ ደሞዝ ከ600 ወደ 2,000 ብር ከፍ ያለበት ነው። መንግሥት በዚህ የሚያጣውን ገቢ በየትኞቹ አንቀጾች ሊያካክስ እንዳሰበ በግማሽ ገጽ ጻፊና እስከ ሐሙስ ላኪልኝ። ማታውኑ አነበዋለሁ።