ለዲኤክስህ ሞተር ከመግዛትህ በፊት ይህን አንብብ

ወንድሜ፣ «ጎንደር ነኝ፣ የአባቴ ዲኤክስ 4ኬ ሞተሩ ዘይት መብላት ጀምሯል፣ የቪትዝ 1ኤንዜድ ልግጠምለት ወይስ የተሻለ አለ?» ብለህ ጠይቀሃል። ለማያውቅ ሰው፣ ዲኤክስ የድሮዋ ቶዮታ ኮሮላ ናት፣ 4ኬ አብሯት የመጣው ሞተር ነው፣ 1ኤንዜድ ደግሞ የቶዮታ ቪትዝ ሞተር ነው። እኔም እዚሁ ጎንደር፣ የአባቴን ዲኤክስ ይዤ ይህንኑ ነገር አድርጌዋለሁ። ሞተር የቀየርኩት ሁለት ጊዜ ነው። የመጀመሪያው አከሰረኝ፣ ሁለተኛው ይኸው እስከ ዛሬ እየሠራ ነው። ረዘም ይላል፣ ታገሰኝ።

አንደኛ፣ ቪትዙን ተወው። ሞተሩ መጥፎ ሆኖ አይደለም። 1,497 ሲሲ ነው፣ ክብደቱ ቀላል ነው፣ ቤንዚን ይቆጥባል፣ መለዋወጫውም አይቸግርም። ግን የተሠራው በፊት ጎማ ለሚሄድ መኪና ነው። ቪትዝ ላይ ሞተሩ በአግድም ነው የሚቀመጠው፣ ካምቢዮውና ዲፈረንሻሉም አንድ ላይ ናቸው። ያንተ ዲኤክስ ደግሞ ሞተሩ በቁመት ተቀምጦ ጉልበቱን ወደ ኋላ ጎማ ይልካል። ስለዚህ የቪትዙ ካምቢዮ ለአንተ ምንም አያደርግልህም። የ4ኬውን ካምቢዮ ከአዲሱ ሞተር ጋር ለማጋጠም መሀል ላይ የሚገባ ወፍራም ብረት ማስቆረጥ ግድ ይሆናል። እኔን የጎዳኝ ያ ብረት ነው።

ቶርኖ ቤት አሠራሁት። ሲያዩት ያምራል፣ ብሎኖቹም በየቀዳዳቸው ገቡ። ግን የሞተሩ ዘንግና የካምቢዮው ዘንግ ቀጥ ብለው አልተያዩም። ስህተቱ አንድ ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም፣ በዓይን አይታይም። ሞተሩ በደቂቃ 3,000 ጊዜ ሲዞር ግን ያቺ ትንሽ ስህተት በየዙሩ ካምቢዮውን ትመታዋለች። መጀመሪያ ፍሪሲዮን ስለቅ መንቀጥቀጥ ጀመረ። ከዚያ ጩኸት መጣ። መካኒኩ «ይለምዳል» አለኝ፣ አመንኩት። በሦስተኛው ወር ወደ ደባርቅ እየወጣን አምባ ጊዮርጊስ ላይ ካምቢዮው ቀጥ አለ። የፊቱ ኩሽኔታ ተፈጭቶ ነበር። እናቴና እህቴ መኪናው ውስጥ ነበሩ፣ የወገራን ብርድ ደግሞ ታውቀዋለህ። መኪናዋ በአይሱዙ ተጭና ነው ጎንደር የተመለሰችው። እናቴ ምንም አልተናገረችኝም፣ ያ ነው እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ።

ሁለተኛ፣ ሞተሩን የሚያዘው ኮምፒውተር። ሞተሩን ብቻውን በ85 ሺህ ብር ገዛሁት፣ ርካሽ አገኘሁ ብዬ ደስ ብሎኝ ነበር። ኮምፒውተሩን ለብቻው ከሌላ ሰው ገዛሁ። ቁልፉ ግን የለም። ሞተሩ ይነሳል፣ ሁለት ሰከንድ ይሠራል፣ ይጠፋል። ፓምፑን ቀየርን፣ ካንዴላ ቀየርን፣ ሁለት ሳምንት ለፋን። በኋላ አንድ ልጅ አይቶ ኮምፒውተሩ የሚያውቀው የራሱን ቁልፍ ብቻ መሆኑን ነገረኝ። ሌላ ቁልፍ ከሆነ ቤንዚኑን ይዘጋል። ስለዚህ ኮምፒውተር፣ ሙሉ የኤሌክትሪክ ገመድ፣ የቁልፍ ቤትና ቁልፍ ከአንድ መኪና የወጡ ይሁኑ። ገመዱን በመቀስ የቆረጠ ሻጭ ካጋጠመህ ጥለኸው ሂድ።

አሁን ወደ ወረቀቱ ልምጣ፣ እዚህ ላይ አሁንም ያመኛል። ሊብሬህ ላይ የሞተር ቁጥር አለ አይደል? ሞተር ስትቀይር ያ ቁጥር መቀየር አለበት፣ ካልሆነ ቦሎ ስትሄድ ትያዛለህ። የሸጠልኝ ሰው «ወረቀት ምን ያደርግልሃል» ብሎኝ ነበር። ጉዳዩን ይዤ የሄድኩበት ቢሮ አራት ቀን አመላለሰኝ። የመጀመሪያው ቀን ደረሰኝ አምጣ። ሁለተኛው ቀን የጉምሩክ ዲክላራሲዮን አምጣ። ለምን ትናንት አብራችሁ አልነገራችሁኝም ስል ሠራተኛው ቀና ብሎ እንኳ ሳያየኝ «ሞተሩ የተሰረቀ አለመሆኑን በምን አውቃለሁ?» አለ፣ ሰው በተሰለፈበት። አባቴ በዚህች ከተማ 30 ዓመት ያስተማረ ሰው ነው፣ እኔ ሌባ አይደለሁም። መጠየቁ ሥራው ነው፣ እሱን አልቃወምም። አነጋገሩ ነው። ሻጩ ስልኩን ዘጋ፣ ወረቀቱ አልመጣም፣ ሞተሩም በግማሽ ዋጋ ሄደ። ስለዚህ ዲክላራሲዮኑንና ደረሰኙን ሳታይ፣ ሞተሩ ላይ የተመታውን ቁጥር ከወረቀቱ ጋር ራስህ ሳታመሳክር አንድ ብር አትክፈል።

ታዲያ ምን ልግጠም ካልከኝ፣ የቶዮታ አቫንዛ 1.5 ሊትር ሞተር። የመጀመሪያው አቫንዛ ሞተሩ በቁመት ነው የተቀመጠው፣ በኋላ ጎማም ነው የሚሄደው። 3ኤስዜድ ይሉታል፣ 1,495 ሲሲ። እኔ ከነካምቢዮው፣ ከነኮምፒውተሩ፣ ከነቁልፉ፣ ከነወረቀቱ ገዛሁት። ዋጋው ከቪትዙ በጣም ይበልጣል፣ ግን የማጋጠሚያ ብረት የሚባል ነገር የለም። የቀረው የሞተር መቀመጫ መበየድ፣ የካምቢዮ ድጋፍ መሥራትና ትራስሚሲዮኑን፣ ማለትም ከካምቢዮው ወደ ኋላ ጎማ የሚሄደውን ዘንግ፣ በልኩ አስቆርጦ ሚዛኑን ማስጠበቅ ነው። አዘዞ ያሉ አንድ ጋሼ፣ ድሮ ፊያት ሲሠሩ የኖሩ፣ በ19 ቀን ጨረሱልኝ። 1.3 ሊትሩም አለ፣ ለአንተ ግን አልመክርህም። ጎንደር ከ2,100 ሜትር በላይ ናት። እዚህ ከፍታ ላይ አየሩ ስስ ስለሆነ ተርቦ የሌለው ሞተር ከጉልበቱ አንድ አምስተኛ ያህሉን ያጣል። ቤተሰብ ጭነህ ደባርቅ ስትወጣ ያቺ 0.2 ሊትር ትፈለጋለች።

ደስ የሚለው ነገር ደግሞ አለ። በካርቡራተር ጊዜ ለጎንደር የተስተካከለው ሞተር መተማ ቆላ ስንወርድ ያስቸግረኝ ነበር። አሁን ኮምፒውተሩ አየሩን እየለካ ቤንዚኑን ራሱ ያስተካክላል። ደባርቅም መተማም አንድ ነው።

ታንከሩን ግን ሳታጥብ እንዳትገጥም። የአርባ ዓመት ዝገት አለበት፣ በጀሪካን የገዛኸው ቤንዚን ደለልም አለበት። 4ኬው ያንን ይችለዋል፣ አዲሱ አይችለውም። የድሮው ፓምፕም ግፊቱ በጣም ትንሽ ነው፣ አዲሱ 3 ባር ገደማ ይፈልጋል። ራዲያተሩንም ወፍራም አድርገው። ፍሬኑን ደግሞ ሊማሊሞን ከመውረድህ በፊት አሠራው፣ መኪናዋ ከበፊቱ ትፈጥናለች።

አቅምህ ለአቫንዛው ካልደረሰ 5ኬ ፈልግ። 1,486 ሲሲ ነው፣ የ4ኬ ወንድም ስለሆነ በራስህ ካምቢዮ ላይ ይገባል። ዘመናዊ አይደለም፣ ካርቡራተር ነው፣ ግን አምባ ጊዮርጊስ ላይ አያስቀርህም።

የአባትህን 4ኬ ደግሞ አትሽጠው። የአቫንዛውን ሞተር ወረቀት ይዤ ስሄድ ቢሮው «የድሮው ሞተር የት ሄደ?» ብሎ ጠይቆኛል። የእኔው ግቢ ውስጥ በላስቲክ ተጠቅልሎ ስለነበር ቁጥሩን አሳየሁና በዚያው ቀን ሊብሬዬን ይዤ ወጣሁ።