«ካቆምኩ ሁለት ዓመት አልፎኛል፤ አሁንም ያምረኛል» ላልከው ወንድም

ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሲጋራ ካቆምክ ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆኖሃል። ባለፈው ሳምንት በሕልምህ ስታጨስ አደርክ፤ በማግስቱ ሱቅ በደረቴ አጠገብህ ሲያልፍ ዓይንህ ሣጥኑ ላይ ተተክሎ ቀረ። «ጤነኛ ነኝ ወይ? ሰው ሁሉ ከተገላገልኩ የቆየሁ ስለሚመስለው ለማንም መንገር አፈርኩ። ብቻዬን እወጣው ይሆን?» ነው ያልከው። ለመጀመሪያው መልሴ አጭር ነው፤ ጤነኛ ነህ። እኔ ዐሥር ዓመት ሞልቶኝ እንኳ በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ በሕልሜ አጨሳለሁ፤ ደንግጬ እነቃና በጨለማ ጣቶቼን አሸታለሁ። ይህን ሁሉ የሚያስጽፈኝ ሁለተኛው ጥያቄህ ነው።

የከባድ መኪና ሾፌር ነኝ። ከአዲስ አበባ ጅቡቲ ስመላለስ ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖኛል። ማጨስ የጀመርኩት ረዳት ሳለሁ ነው። ሾፌሬ መሪውን እንደያዘ «ለኩስልኝ» ይለኛል፤ ለኩሼ፣ እንዳይጠፋ አንድ ሁለቴ ስቤ አቀብለዋለሁ። በዚያው ቀረሁ። መሪው ወደ እኔ ሲዞር በቀን አንድ ፓኮ፣ ጫት በተቃመበት ሌሊት ደግሞ ከዚያ በላይ አጨስ ነበር።

ያቆምኩት ሁለት ጊዜ ነው። የመጀመሪያው በ2001 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም፣ መጋቢት ላይ ነበር፤ አራት ዓመት ከሦስት ወር ቆየሁበት። ሁለተኛው ኅዳር 12 ቀን 2008 ዓ.ም. ሲሆን እሱ እስከ ዛሬ ጸንቷል። ሰው የሚጠይቀኝ ስለ ሁለተኛው ነው። ለአንተ የሚጠቅምህ ግን የመጀመሪያው ይመስለኛል፤ ምክንያቱም አንተ አሁን ያለህበትን ቦታ በሰላም አልፌ፣ ሁለት ዓመት ያህል ርቄ ሄጄ ነው የወደቅኩት።

ሰኔ 2005 አባቴ ዐረፉ። ለቅሶው ደብረ ብርሃን አጠገብ ባለ ገጠር ነበር። ድንኳን ተተክሎ ወንዶቹ ካርታ እየተጫወትን ሦስት ሌሊት አደርን። የዚያን አገር ብርድ የሚያውቅ ያውቀዋል። በሁለተኛው ሌሊት፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ የአክስቴ ልጅ ጋቢውን ገለጥ አድርጎ ፓኮውን ዘረጋልኝ። ሊያሳስተኝ አስቦ አልነበረም። ማቆሜን ረስቶታል። አራት ዓመት ረጅም ነው። ባቆምኩ ሰሞን የመረቁኝ፣ «ጎበዝ» ብለው ትከሻዬን የመቱኝ ሁሉ ረስተውታል። እኔም ለአፍታ ሳልረሳው አልቀረሁም፤ እጄ ሄዶ ተቀበለ።

ያቺ አንዷ አልጣመችኝም። አዞረችኝ፣ አሳለችኝ። አዲስ አበባ ስመለስ ግን ለባለቤቴ አልነገርኳትም። ላለመናገር ከቤት መውጣት መጣ፤ ለመውጣት ሰበብ መፍጠር መጣ፤ ማስቲካ መጣ፣ ሽቶ መጣ። ሁለተኛው ሳምንት ላይ አዋሽ ቆመን ረዳቴን «ሂድ፣ ኒያላ ግዛልኝ» አልኩት። ልጁ ከእኔ ጋር ሦስት ዓመት ሠርቷል፤ እንዳቆምኩ ያውቃል። ቀና ብሎ አየኝና ሄደ። ገዝቶ መጣ። ክብሪቱንም እሱ ጫረልኝ። ከዓመታት በኋላ ለምን ዝም እንዳለኝ ብጠይቀው «ጋሼ፣ ምን ልል ነበር?» አለኝ። ምን ይበል? እኔስ ለሾፌሬ ምን ብዬ አውቃለሁ?

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ከመንፈቅ ያህል አጨስኩ።

«ብቻዬን እወጣው ይሆን?» ላልከው የምመልስልህ ከዚህ ተነስቼ ነው። በመጀመሪያው ወር ሰው ሁሉ ከጎንህ ነው፤ ትነጫነጫለህና ማቆምህን ሳይወድ ያስታውሳል። ከዓመት ከሁለት ዓመት በኋላ ነገሩ ያለቀ ይመስላል። ሰው ይረሳል፤ አንተም ደጋግመህ ማውራት ታፍራለህ። ለቅሶ፣ ከሥራ መባረር፣ ፍቺ፣ አንዳንዴም ትልቅ ደስታ የሚያገኝህ ታዲያ ልክ በዚያ ሰዓት ነው። በሁለተኛ ዓመትህ የሚያስፈልግህ የሚያበረታታ ሰው አይደለም፤ የማይረሳ ሰው ነው።

ማን ይሁን? እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ እኔም ተሳስቻለሁ። የሚፈራህን ሰው ጠባቂ አታድርግ። በእኛ አገር ታናሽ ታላቁን አይገሥጽም፤ ረዳቴን ያየህ እንደሆነ ገባህ። ባለቤቴ ደግሞ ሌላ ጫፍ ነበረች። ሸሚዜን ታሸታለች፣ ኪሴን ትበረብራለች። አልፈርድባትም፤ በእሷ ቦታ ብሆን ከዚህ እብስ ነበር። ነገር ግን ፍተሻው ያስተማረኝ መደበቅን ነው። በዚህ መንገድ ኮንትሮባንድ የሚያሳልፉ ሰዎችን አይቻለሁ፤ ኬላ በበዛ ቁጥር ብልሃት ይጨምራሉ እንጂ ንግዱን አይተዉም።

ለእኔ የሆኑልኝ ጎረቤታችን እማማ ናቸው። ኅዳር ሲታጠን አዲስ አበባ ምን እንደምትመስል ታውቃለህ፤ በ1911 ዓ.ም. በገባው የኅዳር በሽታ ሳቢያ የቀረ ልማድ ነው፤ በየደጁ ቆሻሻ ይቃጠላል፣ ሰማዩ በጢስ ይሸፈናል። በ2008ቱ ኅዳር 12 የሰፈሩ ሰው እሳቱን ከቦ ቆሞ እኔ ዳር ላይ ሆኜ አጨሳለሁ። እማማ ጠርገው ያመጡትን ቅጠል ከጨመሩ በኋላ ወደ ደረት ኪሴ በምርኩዛቸው እያመለከቱ «ይኸኛውንስ ለምን አታጥነውም?» አሉኝ። ሰው ሳቀ። አፈርኩ ልበል፣ ተናደድኩ ልበል፣ እስከ ዛሬ አላውቅም፤ ከነፓኮው ወረወርኩት። ዐሥር ያህል ቀርተውበት ነበር። «እንግዲህ ዛሬ ሚካኤል ነው፤ በየወሩ በ12 እጠይቅሃለሁ» አሉ።

ጠየቁኝም። በየወሩ በ12 ቡና ሲያፈሉ እቤት ካለሁ ያስጠሩኛል፣ መንገድ ላይ ከሆንኩ በልጅ ልጃቸው ስልክ ይደውላሉ። «እህ፣ ያ ነገር?» ይሉኛል። «ደህና ነው» እላለሁ። ከዚያ ስለ ዘይት ዋጋ እናወራለን። አያሸቱኝም፣ አይመክሩኝም። ነገር ግን ማንንም ያልፈራሁትን ያህል የወሩ 12 ሲደርስ እሳቸውን መዋሸት እፈራ ነበር። አንድ ጊዜ፣ በሦስተኛው ዓመት ይመስለኛል፣ «እማማ፣ ሰሞኑን ከብዶኛል» አልኳቸው። «እንግዲያው ነገም እደውላለሁ» ብለው ስልኩን ዘጉት። ደወሉ።

ሁለተኛው ሰው የሥራ ባልደረባዬ ነው፤ እሱም ሾፌር ነው፣ ከእኔ በዓመት ዘግይቶ አቆመ። እሱ ሲወርድ እኔ ስወጣ ብዙ ጊዜ ከገዋኔ ወዲያ እንተላለፋለን። ሁለት ጊዜ ረጅም መብራት ብልጭ ማድረግ «አላጨስኩም» ማለት ነበር፤ ማን እንደጀመረው አናስታውስም። አንድ ቀን መኪናውን ከሩቅ ለየሁት፣ መብራቴን ሰጠሁት፤ ዝም ብሎ አለፈ። እጁን ብቻ አነሳ። ሌላ ሰው ምንም አይመስለውም። እኔ መኪናዬን ዳር አስይዤ ደወልኩለት፤ አላነሳም። ከሁለት ቀን በኋላ ሚሌ ላይ አገኘሁት። ወደቡ ላይ ዘጠኝ ቀን ቆሞ ከርሟል፤ «ሦስት ናት» አለኝ፣ ሳልጠይቀው። ጥብስ አዘዝን። ስለ ሲጋራ ያልኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ከእኔ ሌላ ማን ያውቃል?» ማንም። እዚያው ገበታ ላይ እያለን ለወንድሙ ደወለ። ከዚያ የቀሩትን ከኪሱ አውጥቶ ግማሽ ውሃ ባለበት የፕላስቲክ ጠርሙስ ውስጥ አንድ በአንድ ከተታቸው፣ ክዳኑን ዘግቶ ናጠው። ውሃው ሻይ መሰለ። እስከ አዳማ ድረስ ጋቢናው ውስጥ ይዞት ሄደ፤ ለምን እንደሆነ አልነገረኝም። ዛሬ እሱም ዘጠነኛ ዓመቱ ላይ ነው፤ ሦስቷን አንቆጥርም።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። ለዚህ ጉዳይ ሃምሳ ሰው አያስፈልግህም፤ ሃምሳ ሰው ሲያውቅ ማንም አይጠይቅህም። ሁለት ይበቃሉ። አንዱ የማትዋሸው፣ አንዱ ራሱ የቀመሰው።

ሰውነትህን በተመለከተ የማውቀው ይህ ነው። ኒኮቲን ራሱ በጥቂት ቀናት ከደም ይወጣል፤ በሁለት ዓመትህ የሚያምርህ ትዝታ ነው። አእምሮ ሲጋራን ከቦታ፣ ከሽታ፣ ከሰዓት ጋር አስሮ አስቀምጦታል። እኔን አሁንም የሚይዘኝ ጭነት አራግፌ የኮንቴይነሩን በር ስዘጋና ክረምት ሲገባ የመጀመሪያው ዝናብ አቧራውን ሲመታው ነው። ደግነቱ ሐራራው ደቂቃዎች እንጂ አይቆይም። በኪሎ ሜትር ነው የምለካው፤ ሲመጣ ቆጣሪውን አይቼ ቁጥሩን እይዛለሁ። ጭነት ይዤ በሰዓት ሃምሳ ስልሳ ስነዳ አምስት ኪሎ ሜትር ሳይሞላ ይለቀኛል። ሐኪሞች ደግሞ ካቆሙ ከአንድ ዓመት በኋላ በሲጋራ ሳቢያ የመጣው የልብ ሕመም ስጋት በግማሽ ገደማ ይቀንሳል ይላሉ፤ ያንን አንተ አልፈኸዋል። የሳንባ ካንሰሩ ስጋት በግማሽ እስኪወርድ ግን ዐሥር ዓመት ያህል ይፈልጋል። ገና መንገድ ላይ ነህ፤ መንገዱን አታቋርጠው።

ቡናን በሚመለከት፣ ለአንተ ያለፈ ቢሆንም፣ ገና ሰሞኑን ላቆሙት ልናገር። የሲጋራ ጢስ ጉበት ካፌይንን ቶሎ እንዲያስወግድ ያደርጋል። ሲጋራው ሲቀር ያው የለመድከው ቡና ደምህ ውስጥ ረዘም ያለ ጊዜ ይቆያል። እኔ እጄ ሲንቀጠቀጥና እንቅልፍ ሲነሳኝ ሲጋራው ነው ብዬ ልጀምር ምንም አልቀረኝም ነበር፤ አንዲት የጤና ጣቢያ ነርስ «ቡናህን ቀንስ» አለችኝ። አቦሉን ጠጥቼ ቶናውን ስተው በሳምንቱ ተሻለኝ። በረካውን ሳልጠጣ በመነሳቴ ያኮረፉኝ ነበሩ፤ ያኩርፉ።

ስለ ጫት ደግሞ አልደብቅህም። እየቃሙ ሲጋራ አቁሞ የቆየ ሾፌር እኔ አላየሁም። ካለ ይንገረኝ። ሁለቱን አብሬ ነው የተውኩት፤ ሌሊት መንዳትም አብሮ ቀረ። አዋሽ ላይ እተኛለሁ፤ ገቢዬ ትንሽ ቀንሷል።

በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 ሕዝብ በሚገለገልባቸው ዝግ ቦታዎች ማጨስን ከከለከለ ወዲህ ሆቴሉና መጠጥ ቤቱ ቀሎልኛል። ለቅሶ ቤት ግን ያው ነው። እማማ በ2016 ዐረፉ። ድንኳኑ ስር ገና ሳልቀመጥ፣ ሰው እየሰማ፣ «እኔ ሲጋራ ያቆምኩ ሰው ነኝ፤ ማንም እንዳይዘረጋልኝ» አልኩ። ከቅርቤ ያለው ሰውዬ ዘወር ብሎ አየኝ፤ በለቅሶ ቤት የሚባል ነገር አይደለም። አንድ ወጣት ግን ፓኮውን ከጠረጴዛው ላይ አንስቶ ኪሱ ከተተ። ባልደረባዬ ከሎግያ በዚያው ሌሊት መጥቶ አጠገቤ ተቀመጠ። ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ሰዓቴን አየሁ፤ እሱም አየኝ፤ ካርታውን በወዘ።

ስለዚህ ወንድሜ፣ ዛሬ ማታ ለአንድ ሰው ንገር። «አማረኝ» ማለት «አጨስኩ» ማለት አይደለም፤ የሚያሳፍር ነገር የለውም። ታላቅ እህት ካለችህ እሷ ትሻላለች ባይ ነኝ፤ ታላቅ እህት አትረሳም። ካጣህ ደግሞ በግል ጻፍልኝ። እማማ ካለፉ ወዲህ የወሩ 12 ሲደርስ የሚደውል የለም፤ ቀኑ ባዶ ሆኖብኛል። እኔ እጠይቅሃለሁ። ሐሙስ ወደ ጅቡቲ ስለምወርድ ኔትወርክ ከጠፋና መልስ ከዘገየ አትቀየም፤ ሎግያ ስደርስ አነባለሁ።