መልስ፦ የሆረር ፊልም ሰዎች ለምን እንዲህ ያናድዳሉ?

«የሆረር ፊልም ገጸ ባህሪያት ሁሉም ጅል የሆኑት ለምንድን ነው? ወይስ እኔ ነኝ ትዕግስት ያጣሁት?» ላልከው፣ ችግሩ ካንተ አይደለም ወንድሜ።

የፈራ ሰው ቢሳሳት አይደንቀኝም። ሲደነግጥ የቁልፉ ቀዳዳ የሚጠፋበት ሰው አውቃለሁ፤ እኔው ነኝ። የሚያበሽቀው ሰውየው ሳይፈራ ሲጃጃል ነው። «ፕሮሜቴየስ» (2012) ላይ ባዮሎጂስቱ የሞተ ፍጡር አይቶ እንመለስ ይላል። ቆይቶ ግን እባብ የመሰለ ነገር ፊቱ ቀጥ ብሎ ሲቆም፣ እንደ ቡችላ እያባበለ እጁን ይዘረጋለታል። እንዴ! መጨረሻ ላይም ግዙፍ የጠፈር መርከብ እየተንከባለለ ሲመጣባቸው ሁለት ሴቶች ቀጥታ ወደፊት ይሮጣሉ። አንዷ የተረፈችው ወድቃ ወደ ጎን ስትንከባለል ነው። ሁለት እርምጃ ዞር ማለት አቅቷቸው!

በ1979 የወጣው «ኤሊየን» ላይ ግን የጠፈር መርከብ ሠራተኛዋን ሪፕሊን ተመልከት። ፊቱ ላይ ፍጡር የተለጠፈበትን ባልደረባ ይዘው ሲመጡ፣ የኳራንቲን ደንብ ጠቅሳ በር አልከፍትም ትላለች። ትክክል ናት። የሚከፍተው ሌላ ነው፣ የራሱም ምክንያት አለው። ሁለቱንም ፊልሞች ያዘጋጀው ሪድሊ ስኮት መሆኑ ነው የሚገርመው።

«ስክሪም» (1996) ደግሞ በዚሁ ነገር ይቀልዳል። ዋናዋ ገጸ ባህሪ ሲድኒ፣ በሆረር ፊልሞች ውስጥ በውጭው በር መውጣት ሲገባቸው ወደ ፎቅ በሚሮጡ ሴቶች ታሾፋለች። ብዙም ሳይቆይ ገዳዩ ሲመጣባት ራሷ ደረጃውን ትወጣለች። ግን በሩን በሰንሰለት ዘግታው ስለነበር ለመክፈት ጊዜ አጥታ ነው። እንዲህ ከሆነ እኔ ይቅር እላለሁ።