ሙሉውን ሽቦ ከማስነቀልህ በፊት

ወንድሜ፣ ጥያቄህን አንብቤዋለሁ። ክረምቱን ቆማ የከረመችው አሮጌዋ ላንድክሩዘርህ ስትነሣ የፊት መብራቷ ደብዝዟል፤ የኋላ መብራቷ ፊውዝ በተቀየረ ቁጥር ይቃጠላል፤ ኮፈኑ ሲከፈት አይጥ የበላው ሽቦ ታይቷል። ያየልህ ባለሙያ ደግሞ «ሙሉ ሽቦዋ ይነቀል፤ አንተ አዲስ አበባ ካለው የመኪና ዕቃ ገበያ፣ ከሶማሌ ተራ፣ ያገለገለ ሽቦ ገዝተህ አምጣ» ብሎሃል። እዚሁ ጅማ የመኪና ኤሌክትሪክ ስሠራ ብዙ ክረምት አልፎብኛል፤ መልሴ «አታስነቅል» ነው።

ከሌላ መኪና የወጣው ሽቦ ዕድሜው ከአንተው ሽቦ አያንስም። ፕላስቲኩ ደርቋል፣ ሲነቀልም ተጎትቷል። የሞዴሉ ዓመት በጥቂቱ ከተለየ ደግሞ ሶኬቱ አይገጥምም፤ ያን ጊዜ ደኅና የነበረውም መቆረጥ ይጀምራል። ሙሉ ቅየራ የሚያስፈልገው ሽቦው በጥቅሉ ውስጥ ተቃጥሎ እርስ በርሱ ሲጣበቅ ነው። አይጥ የምትበላው ግን ብዙውን ጊዜ ጎጆ የሠራችበትን ጥግ ነው። መኪናህ የምታድረው ቡና ወይም እህል በተከማቸበት ግቢ ከሆነ ነገሩ አያስገርምም።

ለደበዘዘው መብራት ከአይጧ በፊት የምጠረጥረው ማሳውን፣ ማለትም ኮረንቲው በመኪናው ብረት በኩል ወደ ባትሪው ኔጌቲቭ የሚመለስበትን መንገድ ነው። የእኛ ዝናብ ከሰኔ እስከ መስከረም ፋታ አይሰጥም፤ ፓራፋንጎ ሥር የተለጠፈው ቀይ ጭቃም እርጥበቱን ይዞ ይቆያል። በአሮጌ ቶዮታ ላይ ነጭ ሆኖ ጥቁር መስመር ያለው ሽቦ የማሳ ሽቦ ነው። እሱን ተከትለህ ከቦዲው ጋር የታሰረበትን ብሎን ፍታ፤ ዝገቱንና ቀለሙን ብረቱ እስኪያበራ ፍቀህ አጥብቀህ እሰረውና ግሪስ ቀባው። ከዚያ መብራቱን አብርተህ በቴስተር (በቮልት መለኪያ) ከባትሪው ኔጌቲቭ እስከዚያ ብሎን ያለውን ቮልት ለካ። ከ0.2 ቮልት በላይ ካሳየህ መንገዱ ላይ አሁንም እንቅፋት አለ። መብራቱ ጠፍቶ መለካት ግን ከንቱ ድካም ነው፤ ኮረንቲ በማይሄድበት ጊዜ አንድ ቀጭን ክር ብቻ የቀረው ሽቦም ጤነኛ መስሎ ይታያል። አንድ ነገር ልጨምር፤ በአንዳንድ የድሮ ላንድክሩዘሮች የፊት መብራቱ ማብሪያ የሚቆርጠው ፖዚቲቩን ሳይሆን ማሳውን ነው። ስለዚህ መብራቱ ጠፍቶ ሳለ ሶኬቱ ላይ 12 ቮልት ብታገኝ አትደንግጥ።

የሚቃጠለውን ፊውዝ በሌላ ፊውዝ አትፈትነው፤ ገንዘብ ማባከን ነው። በሽቦ ወይም በሲጋራ ፓኮ ብርማ ወረቀት የሚተኩትንማ ተዋቸው። ፊውዝ የተቀመጠው ሽቦው እንዳይቃጠል ነው፤ እሱን አልፎ የሚመጣው እሳት ነው። በፊውዙ ቦታ 21 ዋት የሆነ የፍሬን አምፖል በሁለት ሽቦ አስገባ፤ በዚያ መስመር ላይ ያሉትን አምፖሎች ሁሉ ነቅለህ ማብሪያውን ክፈት። የፍሬን አምፖሉ ደምቆ ከበራ ሾርት አለ፣ ፖዚቲቩ ሽቦ የሆነ ቦታ ከማሳ ጋር ተነካክቷል ማለት ነው። አሁን ሽቦውን ከፊት ወደ ኋላ በቀስታ እየነቀነቅህ ሂድ፤ ስትነካው አምፖሉ የሚደበዝዝበት ወይም የሚጠፋበት ቦታ ላይ ጥፋቱን ታገኘዋለህ። ጥርጣሬዬን ከጠየቅኸኝ፣ ከአይጧ ጥርስ ይልቅ ሽቦው የብረት ጠርዝ ላይ የተፋቀበት ቦታ ነው።

ወደ ጥገናው ስትገባ የባትሪውን ኔጌቲቭ ንቀል። የተበላውን ስትቆርጥ መዳቡ ጠቁሮ ወይም አረንጓዴ ሆኖ ካገኘኸው ንጹሕና የሚያበራ መዳብ እስኪወጣ ድረስ ወደ ኋላ ቁረጥ፤ ውኃ በፕላስቲኩ ውስጥ ለውስጥ ይሳባልና ጉዳቱ ከሚታየው ይርቃል። አዲሱ ሽቦ ባለ ብዙ ክር ይሁን፤ ውፍረቱም ከነበረው አይነስ። ሁለት የ60 ዋት አምፖሎች በ12 ቮልት 10 አምፔር ስለሚስቡ ለፊት መብራት 2.5 ካሬ ሚሊሜትር እመርጣለሁ። የቤት መስመር የሚዘረጋበትን ባለ አንድ ዘንግ ሽቦ የሚያስገቡ አሉ፤ የገጠር መንገድ ንዝረት ይሰብረዋል።

መገጣጠሚያው ላይ ብዙ ክርክር አለ። እኔ ስታኞ (ቀልጦ ሽቦ የሚያያይዘውን ብረት) አልወድም። ቀልጦ ወደ ክሮቹ ውስጥ ይገባና ሽቦውን ያደርቀዋል፤ ስታኞው ያለቀበት ቦታ ላይ ሽቦው በንዝረት ይቆረጣል። በደንብ በፒንሳ የተጨመቀ የመዳብ መገጣጠሚያ፣ ላዩ ላይ ውስጡ ሙጫ ያለው በሙቀት የሚኮማተር ቱቦ ይበልጥብኛል። ቱቦውን ከመገጣጠምህ በፊት አስገባው። በስታኞ መሥራት ግድ ከሆነብህ ከግራና ከቀኝ እሰረው፤ እንዳይወዛወዝ። ብዙ ሽቦ ከተቆረጠ መገጣጠሚያዎቹን አንድ መስመር ላይ አትደርድር፤ ከፍና ዝቅ አድርጋቸው፤ አለዚያ ጥቅሉ ያብጣል። ሞተሩ አጠገብ ተራ ናስትሮ (የሽቦ መጠቅለያ ፕላስተር) አትጠቅልል፤ ሙጫው በሙቀት ይቀልጣል፤ የጨርቅ ናስትሮ ፈልግ።

ሶማሌ ተራ የሚሄድ ሰው ካለህ ደግሞ ሙሉ ሽቦ ሳይሆን የተሰበሩትን ሶኬቶች ብቻ ያምጣልህ፤ እያንዳንዳቸው ግን ቢያንስ አንድ ስንዝር ሽቦ ከኋላቸው ይዘው እንዲቆረጡ ንገረው። አሮጌውን ሶኬት ፎቶ አንሥተህ ላክለት፤ የቀዳዳዎቹን ብዛት በቃል መንገር አይበቃም።