የሚጥል በሽታን በተመለከተ ጠይቁኝ (ከሐዋሳ)

ሐዋሳ ውስጥ የነርቭ ሕሙማንን የምከታተል ሐኪም ነኝ። ዛሬ ማታ እስክደክም እመልሳለሁ።

ጥያቄ፦ ዶክተር፣ የ7 ዓመት ልጄን አስተማሪዋ «ትፈዛለች፣ ስጠራት አትሰማም» ትላለች። ግን ወድቃ አታውቅም።

መልስ፦ እህቴ፣ ሳይጥል የሚያልፍም ዓይነት አለ። ድንገት ንግግሯን አቋርጣ ከ5 እስከ 15 ሰከንድ ትፈዛለች፤ ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ትቀጥላለች። ሐሳብ የወሰዳት ልጅ ትከሻዋን ሲነኳት ትባንናለች፣ ይህችኛዋ ግን አትባንንም። እኛ ዘንድ 3 ደቂቃ ያህል በጥልቀትና ቶሎ ቶሎ እናስተነፍሳታለን፤ ብዙ ጊዜ መፍዘዙ ዓይናችን እያየ ይመጣል። እባክሽ የጎረቤት መድኃኒት እንዳትሰጫት። ለሌላው ዓይነት የሚታዘዘው ካርባማዜፒን ይህኛውን ሊያባብሰው ይችላል።

ጥያቄ፦ ወንድሜ የአንጎል ምርመራ፣ ኢኢጂ፣ ተነሥቶ «ኖርማል» ተባለ። በሽታው የለበትም ማለት ነው?

መልስ፦ አይደለም። መሣሪያው የሚመዘግበው ብዙውን ጊዜ ግማሽ ሰዓት ገደማ ነው፤ በዚያች ሰዓት አንጎሉ ጸጥ ብሎ ሊሆን ይችላል። ከወረቀቱ ይልቅ ሲጥለው ያየ ሰው ይጠቅመኛልና ያን ሰው ይዘኸው ና። «ወደቀ፣ ተንቀጠቀጠ» ብቻ ግን አይበቃኝም። ከየት ጀመረው? አንድ እጁን ብቻ ነበር? አንገቱ ወደየት ዞረ? ቀድሞ ከሆዱ ሽቅብ የሚወጣ ስሜት ወይም እንግዳ ሽታ ነበረው? ከንፈሩን ይልስ፣ ልብሱን ይነካካ ነበር? በአንድ ጎን ከጀመረ መነሻው የአንጎል አንድ ክፍል ነው ብዬ ኤምአርአይ (የአንጎልን ምስል የሚያነሣ ምርመራ) አዝዛለሁ። ዓይኑ ግጥም ብሎ ተዘግቶ፣ ራሱን ግራና ቀኝ እያወዛወዘ ከቆየ ከሥነ ልቦና ጫና የሚመጣውን አስባለሁ። እሱንም «ያስመስላል» እያላችሁ አታሳዝኑት፤ ሕመም ነው፣ ሕክምናም አለው። ሁለተኛ ሰው ካለ በስልክ ይቅረጽ። አንደኛው ግን መጀመሪያ ከእሳትና ከውኃ ያርቀው።

ጥያቄ፦ ሕመሙ ሰው ሲጥል አያቴ ክብሪት ለኩሰው ያስሸትቱታል። ይጠቅማል?

መልስ፦ አይጠቅምም። አብዛኛው ከ1 እስከ 3 ደቂቃ በራሱ ስለሚቆም ክብሪቱ ያቆመው ይመስላል። በጎኑ አስተኙት፣ አፉ ውስጥ ምንም አትክተቱ፣ ሰዓት ያዙ። 5 ደቂቃ ካለፈ በባጃጅም ቢሆን ወደ ሐኪም ቤት።

ጥያቄ፦ አሞራ ገደል ዓሣ አስጋሪ ነኝ። መድኃኒት ከጀመርኩ 4 ወሬ፣ ጥሎኝ አያውቅም። ወደ ጀልባ ልመለስ?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ገና ነው። እንጀራህ መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን ሐይቅ ላይ አንዴ ከጣለህ ሁለተኛ ዕድል ላታገኝ ትችላለህ። ለጊዜው የብስ ላይ፣ መረብ መጠገኑን ያዝ። መድኃኒቱንም «ተሻለኝ» ብለህ በገዛ እጅህ አታቋርጥ።